መልስ የማይጠብቅ አስተማሪ

ልጆቼ፣ እዚህ ካልጋሪ በሳቫና መንገድ ላይ፣ በሳድልታውን ጣቢያ ባስ ስንጠብቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ስንገናኝ «ጋሼ፣ በዚህ በስልክ ነገር ከልጆቹ ጋር ምን ይሻለናል?» ትሉኛላችሁ። ቆሜ የምሰጣችሁ መልስ ሁልጊዜ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ወይ ብርዱ ያባርረናል፣ ወይ ባሱ ይመጣል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ሰዓት ነው፤ በቀን ስንት ይፈቀድ? ሰዓቱን ሐኪሞቹ አስቀምጠውታል፣ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። የኔ ጭንቀት ግን ከሰዓቱ ይቀድማል። ልጁ ስክሪን ፊት ባይቀመጥ ኖሮ በዚያ ሰዓት ማን ያናግረው ነበር? ይህን ያልመለሰ ቤት አይፓዱን ቁም ሣጥን ላይ ቢሰቅለውም ብዙ አያተርፍም።

ከእናንተ መካከል ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ አገር ቤት ዘጠነኛ ክፍል የገባችሁ በክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን የሚያስተምረውን ፕላዝማ ታውቁታላችሁ። እናንተ ተማሪ ሆናችሁ ከፊት ለፊት አያችሁት፤ እኔ ደሴ የሒሳብ መምህር ሆኜ ከጎኑ ቆሜ አየሁት። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳውን ያህል ፕላዝማው ይወስድና ለኛ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈናል። እውነቱን ለመናገር ትምህርቱ በደንብ የተሠራ ነበር። ቤተ ሙከራ ላልነበረው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በቀለም ያሳያል፤ እኔ በጠመኔ የማልስለውን ግራፍ በሰከንድ ይስለዋል። ችግሩ ሌላ ነበር። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ይቀጥላል። በክፍሉ ውስጥ ከስድሳ በላይ ልጅ ተቀምጧል፣ አንድም የመለሰ የለም። ከኋላ ወንበር ያለው ገና ጥያቄውን ወደ ደብተሩ እየገለበጠ ነው። እኔ የዚያን ልጅ ፊት አያለሁ፣ እንዳልገባው አውቃለሁ፤ ፕላዝማውን ግን ላቆመው አልችልም።

እናንተ ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷችሁ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትወጡ አጥር ሥር ተሰብስባችሁ በአማርኛ ታብራሩት ነበር፣ አንዱ ለአንዱ ያስረዳ ነበር። አሁን ያንኑ አስተማሪ ለአሥራ ስምንት ወር ሕፃን ስትሰጡት አስቡት። የዩቲዩቡ አሻንጉሊት «ቀዩ ኳስ የታለ?» ይላል፣ ዝም ይላል፣ «ጎበዝ!» ይላል። ሕፃኑ ወደ ሶፋው ሥር እየጠቆመ ሊሆን ይችላል፤ የጠቆመበትን ያየለት ግን የለም።

ሕፃን መናገር የሚማረው በመመላለስ ነው። «ባ» ይላል፤ እናቱ «አዎ፣ ባስ! ባሱ ሄደ፣ አባባን ሥራ ሊያደርስ ሄደ» ትላለች፤ ልጁ እንደገና «ባ» ይላል፣ አሁን በእጁ ወደ መስኮቱ እያሳየ። ከአንዲት ፊደል ተነስተው አባባ ሥራ ደረሱ ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ስክሪን እስካሁን አላየሁም። በቪዲዮ የምትደውል አያት ግን ታደርገዋለች። የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን አይመከርም ሲል ከቤተሰብ ጋር የሚደረገውን የቪዲዮ ጥሪ ለይቶ አውጥቶታል። ጎንደር ያለችው እማማ ትጠይቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ልጁ የተንተባተበውን መልሳ ትለዋለች። ለርሷ ጥሪ ሰዓት አትቁጠሩ።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፣ እዚሁ ካልጋሪ አለ። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሼሪ ማዲጋንና ባልደረቦቿ የዚችን ከተማ 2,441 እናቶችና ልጆች ተከታትለው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ጃማ ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ልጆቹ ሁለት፣ ሦስትና አምስት ዓመት ሲሞላቸው እናቶቹ ልጃቸው ምን ያህል ስክሪን እንደሚያይና በንግግር፣ በአካል እንቅስቃሴ፣ በእጅ ሥራ፣ መላ በመፈለግና ከሰው ጋር በመግባባት የት እንደደረሰ ተጠየቁ። ልጆቹ በሁለት ዓመታቸው በሳምንት 17 ሰዓት ያህል ያዩ ነበር፤ በሦስት ዓመታቸው 25 ሰዓት ያህል ደረሰ፤ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ በአምስት ዓመታቸው፣ ወደ 11 ሰዓት ወረደ። በሁለት ዓመቱ ብዙ ያየው ልጅ በሦስት ዓመቱ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ በሦስት ዓመቱ ብዙ ያየውም በአምስት ዓመቱ እንዲሁ። «የኔ ልጅ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው የምሰጠው» የምትሉ አላችሁ። ተመራማሪዎቹ ይህንንም ገልብጠው ፈትሸውታል፤ ውጤቱ ዝቅ ያለው ልጅ ኋላ ላይ ይበልጥ ስክሪን ወደ ማየት ሲሄድ አላገኙትም።

ልብ በሉ፣ በአንድ ልጅ ላይ ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትናንት ማታ ወጥ እስኪበስል ብለሽ ካርቱን የከፈትሽለት ልጅ አልተበላሸም። እኔን የሚያስጨንቀኝ በየቀኑ ቀስ እያለ የሚጠራቀመው ነው። በኮሮና ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። ያቺው ማዲጋን ከብዙ አገር የተሰበሰቡ 46 ጥናቶችን ደምራ እ.ኤ.አ. በ2022 ስታወጣ የልጆች የስክሪን ጊዜ በቀን ከ162 ደቂቃ ወደ 246 ደቂቃ አድጎ ነበር። ወረርሽኙ ሄደ፣ ያመጣው ልማድ ግን በብዙ ቤት ውስጥ አሁንም ተቀምጧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ፤ በኛ ሰው ዘንድ የሚወራ ስለሆነ ነው። ልጅ ንግግር ሲዘገይበት ግማሹ «ስክሪን ነው» ይላል፣ ግማሹ «ሁለት ቋንቋ አደናገረው» ይላል። ሁለቱም ሐኪም አይደለም። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፤ ስለዚህ አማርኛውን እንዳታቋርጡ፣ በተለይ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ በማትመቹበት እንግሊዝኛ ልጁን ማናገር እንዳትጀምሩ። ስክሪኑንም ቀንሱ፣ እሰየው። ነገር ግን የ18 ወር ክትባት ሲወስድ ለነርሷ «ገና ቃል የለውም» ብላችሁ ንገሯት፤ ከዚያ በፊትም ከሆነ ወደ ጤና ምክር መስመሩ 811 ደውሉ። የዘገየውን ንግግር ቀድሞ ያየ ባለሙያ ብዙ ይረዳል። በሐሜትና በፀበል መካከል አንድ ዓመት ያለፈባቸው ልጆች አይቻለሁ። ፀበሉንም ውሰዱት፣ ቀጠሮውንም ያዙ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ስለ ልጆች ስክሪን ስናወራ የሳሎኑን ቴሌቪዥን አንቆጥረውም። በብዙዎቻችሁ ቤት ስገባ ዩቲዩቡ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው፤ መዝሙር፣ ከዚያ ዜና፣ ከዚያ የዜናው ትንታኔ፣ ከዚያ የትንታኔው ትንታኔ። ማንም አያየውም፣ ለቤቱ ድምፅ እንዲሆን ነው። ስደት ጸጥ ያለ ቤት ይሰጣል፣ ዝምታውም እንደሚከብድ አውቃለሁ። ዲሚትሪ ክሪስታኪስ የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት ሕፃናት ላይ ትንሽ መቅጃ አስሮ ቤት ውስጥ የሚሰሙትን ድምፅ ለካ። ቴሌቪዥን በተሰማበት በእያንዳንዱ ሰዓት ሕፃኑ ከአዋቂ የሚሰማው ቃል በ770 ያህል ይቀንስ ነበር። ልጁ ቴሌቪዥኑን ባያየውም ቴሌቪዥኑ አፋችንን ይዘጋዋል ማለት ነው። ለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ የሚያየው ሰው ከሌለ ይጥፋ።

ከቴሌቪዥኑ ይልቅ የሚከብደኝ ግን በእጃችን ያለው ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ስንቶቻችን ነን ስልካችን ላይ ተተክለን የምናመሸው? መጀመሪያ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በሆነው። መስመር ሲቋረጥ «ተገኙ ወይ» እያልን፣ ሲከፈት የሞተውን እየቆጠርን። ይህን ተዉ የሚል ሰው ወገን የሌለው ነው፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ልጁ የሚያየው የናቱን ፊት ነው። ዜናውን አያውቅም። ፊቷ ግን ድርቅ ብሏል፣ ሲጠራት አትሰማም። ስልክ በሰው እጅ ባልነበረበት ዘመን ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው፣ ከልጇ ጋር ስትጫወት የነበረች እናት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ፊቷን አድርቃ ዝም እንድትል አድርጎ ሕፃኑን ቀረጸ። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቅላታል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል፤ መልስ ሲያጣ ፊቱን አዙሮ ይጨፈገጋል። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ ነው። የእናንተን ስልክ ለመክሰስ አልተሠራም፣ ነገር ግን ልጃችሁ እጃችሁን እየጎተተ «ማሚ፣ ማሚ» ሲል ያንን ሕፃን ታዩታላችሁ። ዜናውን ልጁ ከተኛ በኋላ አንብቡት። የግድ ከሆነም «አያትህ እንዴት እንዳሉ እያየሁ ነው፣ አስር ደቂቃ ስጠኝ» ብላችሁ ንገሩት። ልጅ ምክንያት ሲነገረው ይታገሣል። ምክንያቱ ካልተነገረው ግን ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ታዲያ ለምን ስክሪን ገባ? ወላጅ ሰነፈ የሚሉ ፈረንጆች አሉ፣ የኛም ሰዎች አሉ። እኔ ሳቫና ውስጥ በልጄ ቤት ቤዝመንት ነው የምኖረው፣ የምታደርጉትን አያለሁ። አባት ከባልዛክ መጋዘን ሌሊት ሰርቶ ጠዋት ይገባል፤ እናት በዚያው ሰዓት ወደ አረጋውያን መንከባከቢያው ትወጣለች፤ መኪናውን በር ላይ ይቀባበላሉ። ያልተኛ ሰው የሦስት ዓመት ልጅ ይጠብቃል። ታብሌቱን ሰጥቶ ሶፋ ላይ ያንቀላፋል። ይህን ሰው በምን አፌ ልቆጣው? እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በአልበርታ ትምህርት ቤት ላልደረሰ ልጅ የሙሉ ቀን ደይኬር ለወላጅ በወር 326 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሆኗል፤ ከዚህ በፊት ከነበረው ጋር ሲተያይ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ያልተመዘገባችሁ ተመዝገቡ። ደይኬር ግን የቀን ነው። የሌሊቱን ሺፍትና የቅዳሜውን ኦቨርታይም አይሸፍንላችሁም። አገር ቤት ይህን ሰዓት የሚሸፍኑት ጎረቤት፣ አክስት፣ የሰፈር ልጆች ነበሩ። እዚህ ደግሞ ቦታው ባዶ ሆነ፣ ስልኩ ባዶውን ቦታ አግኝቶ ገባ።

አባባ ተስፋዬን የምታስታውሱ አላችሁ። ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነገሩ፤ ያ ትውልድም ስክሪን አይቶ ነው ያደገው። ታዲያ ቴሌቪዥን የነበረው ከሰፈሩ አንድ ሁለት ቤት ስለነበር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ምንጣፍ ላይ ተጠጋግቶ ያያል፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ደጅ ወጥቶ ተረቱን እንደገና ይተርከዋል፣ ጅቡን ማን ይሁን ብሎ ይጣላል። ማዲጋን እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ልጆች ቋንቋ 42 ጥናቶችን ስትመረምርም ያገኘችው ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ስክሪን ሲበዛ ቋንቋ ይደክማል፣ ለማስተማር የተሠራ ሲሆንና ከአዋቂ ጋር አብሮ ሲታይ ግን ይሻላል። ስለዚህ ማሳየታችሁ ካልቀረ አብራችሁ እዩ። ብሩክታዊት ጥጋቡ አዲስ አበባ የሠራችውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ክፈቱና ቀጭኔዋ ስትጠይቅ ቪዲዮውን አቁሙት፤ ልጁ ይመልስ። ለኔ ፕላዝማ የነፈገኝ ቁልፍ በእጃችሁ ነው።

ሰዓቱን እነግራችኋለሁ ብያለሁ። ሐኪሞቹ ከሁለት ዓመት በታች ምንም፣ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይላሉ። ከአምስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ላሉት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የካናዳ መመሪያ ለመዝናኛ የሚሆነውን በሁለት ሰዓት ይወስነዋል። የቤት ሥራ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፣ ተንኮሉ ያለውም እዚያ ላይ ነው። የልጆቹ ትምህርት ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ «ምን ትሠራለህ?» ስትሉት የትምህርት ቤቱን የኢንተርኔት መማሪያ ጠርቶ «ዲ ቱ ኤል» ይላችኋል፣ እናንተም ትሄዳላችሁ። ሳትቆጡ አጠገቡ ተቀመጡና «አሳየኝ፣ እኔም ልማር» በሉት። የሚሠራ ልጅ ደስ ብሎት ያሳያል። የማይሠራውም እያሳያችሁ ሳለ ይጀምራል።

አሁን ስለ ትልልቆቹ። አልበርታ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በትምህርት ሰዓት ስልክ እንዲጠፋ ወይም ድምፁ ተዘግቶ ከዓይን እንዲርቅ አዝዛለች፤ ደግ አደረገች። አውስትራሊያ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ ከማኅበራዊ ሚዲያ አግዳለች። መንግሥታቱ የሚያደርጉትን ያድርጉ። የእናንተ ሥራ የሚጀምረው ልጁ ቤት ሲገባ ነው።

ነገሩን አታጋንኑት ደግሞ። ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከ350,000 በላይ ወጣቶችን መረጃ አይተው፣ ወጣቶች በደኅንነታቸው ከሚለያዩበት ነገር በዲጂታል መሣሪያ አጠቃቀም የሚብራራው ቢበዛ 0.4 በመቶ ነው ብለው ጻፉ። ይህን የሰማ ወጣት «አየህ ጋሼ!» ይለኛል። ዕድሜውን ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ግን አማካይ የሚባለውን ነገር በጥርጣሬ ነው የሚያየው። አንዷ ልጅ በስልኳ አዲስ አበባ ካለች የአክስቷ ልጅ ጋር ስትስቅ ታመሻለች። ሌላዋ ያንኑ ያህል ሰዓት የሌሎችን ሰውነትና ፀጉር ከራሷ ጋር ስታስተያይ ታመሻለች። ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ ምንም ያልሆነች ልጅ ትወጣለች፤ እንደዚያ ያለች ልጅ ግን ሳቫና ውስጥ አትኖርም። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ የራሳችሁ ልጅ የትኛዋ እንደሆነች ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፊቷን እዩት፤ ከሰዓቱ ይልቅ እሱ ይነግራችኋል። መብል የቀነሰች፣ ኳስ የተወ፣ ጓደኛ መጥራት ያቆመ፣ ስልኩ ሲጮኽ የሚደነግጥ ልጅ ካለ ሰዓት መቁጠሩን ትታችሁ ልጁን አናግሩት።

በእንቅልፍ ጉዳይ ግን አልደራደርም። ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት መተኛት አለበት፤ ከ5 እስከ 13 ዓመት ያለው ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ። ስልክ መኝታ ቤት ካደረ ይህ ሰዓት አይገኝም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስናፕቻት ይጠራዋል፣ ያልመለሰ እንደ ከዳ ይቆጠራል። በማግስቱ የሚነጫነጨው፣ ትምህርት የማይገባው፣ ያለ ምክንያት የሚከፋው ያው ያልተኛ ልጅ ነው። ዶላራማ ሂዱና ርካሽ የደወል ሰዓት ግዙ፣ «ለማንቂያ ነው» የሚለው ምክንያት ያልቃል። የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ውስጥ አንድ ቦታ ቻርጅ ይደረግ። ሁሉ ስል የአባትየውም ጭምር ነው። ሌሊት ሺፍት የወጣ ወላጅ ቢፈልጋቸው እዚያው ሳሎን ድምፁ ተከፍቶ ይሰማል። በብዙዎቻችሁ ቤት የዋይፋዩን ይለፍ ቃል የሚያውቀው የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ብቻ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ባንኩንም፣ ከመንግሥት የሚመጣውን ደብዳቤም የሚያነብላችሁ እሱ ስለሆነ ነው። ልጅ ለወላጁ አስተርጓሚ ሲሆን ሥልጣኑም ሳይታወቅ አብሮ ይሄዳል። ቢያንስ የይለፍ ቃሉን ተቀበሉትና በወረቀት ጻፉት።

የመጨረሻው ከባድ ነው፣ ዝም ልለው ግን አልችልም። በዚህ አገር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወንድ ልጆችን የሚያጠምዱ ወንበዴዎች በዝተዋል። ቆንጆ ልጅ መስለው ያናግሩታል፣ የራቁት ፎቶ እንዲልክ ያግባቡታል፤ በላከ በደቂቃዎች ውስጥ «ገንዘብ አምጣ፣ አለዚያ ለትምህርት ቤትህና ለቤተሰብህ እንልከዋለን» ይሉታል። በዚህ ሕይወታቸውን ያጠፉ የካናዳ ልጆች አሉ። ይህ በደረሰ ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ገንዘቡ አይከፈል፣ መልስ መስጠት ይቁም፣ መልእክቱ አይጥፋ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይቀመጥ፤ ለፖሊስና ዊኒፔግ ያለው የካናዳ የሕፃናት ጥበቃ ማዕከል ለሚያስተዳድረው ሳይበርቲፕ ይነገር። ልጁ ከእናንተ በፊት ሌላ ሰው ማናገር ቢፈልግ የኪድስ ሄልፕ ፎን ቁጥር 1-800-668-6868 ነው፣ ሌሊትም ይሠራል። ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ከሆነ 988 ይደወላል።

ቁጥሮቹ ግን ሁለተኛ ናቸው። እኛ ቤት ልጅ አፉን ሲከፍት ከአባት አፍ ቀድሞ የሚወጣው «አዋረድከን» ነው። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ አይናገርም፤ ወንበዴው የሚተማመነውም በዚሁ ይሉኝታችን ነው። ስለዚህ ምንም ሳይሆን፣ ዛሬ፣ መኪና ውስጥ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ፣ ለልጃችሁ እንዲህ በሉት፤ «እንዲህ ያለ ነገር እንደሚደረግ ሰማሁ። በአንተ ላይ ቢደርስ መጀመሪያ ለኔ ንገረኝ፣ አልቆጣህም፣ ስልክህንም አልቀማህም።» የመጨረሻዋን አትርሷት። ልጆች ዝም የሚሉት ግማሹ ስልኩን ላለማጣት ነው። ቃላችሁንም ጠብቁ።

ክረምቱ እንደማያግዛችሁ አውቃለሁ። ታኅሣሥ ላይ በፈረንጅ ሰዓት አራት ተኩል ሲሆን ይጨልማል፣ ብርዱም ከዜሮ በታች ሠላሳ የሚደርስበት ቀን አለ። ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ነፍሶ አየሩ ሲለሰልስ ግን ልጆቹን ይዛችሁ ፕሬሪ ዊንድስ መናፈሻ ኮረብታው ላይ በስሌድ አንሸራትቷቸው፤ ስኖ ላይ ስልክ የሚያወጣ ልጅ የለም፣ ጣቱ ይቀዘቅዛል። ለሌላው ቀን ጄነሲስ ሴንተር ቅርብ ነው፤ ኳስ ሜዳውም መዋኛውም በጣሪያ ሥር ናቸው፣ ቤተ መጻሕፍቱም እዚያው ነው፣ ካርዱ በነፃ ይሰጣል። ገቢያችሁ አነስ ያለ ከሆነ ለከተማው ፌር ኤንትሪ አመልክቱ፣ የስፖርቱ ዋጋ ይቀንስላችኋል። ፎርሙ ረጅም ነው፣ አምጡትና አብረን እንሞላዋለን።

እኔና ባለቤቴ ጡረታ ላይ ነን፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ቤት ነን። ሺፍት ያለባችሁ ልጆቹን አምጡ። እራት ሽሮ ነው፣ ቅመሙ ለልጅ ስለሆነ አያቃጥልም። ካርታም ገበጣም አለ፤ ሒሳብ ያቃተው ደብተሩን ይዞ ይምጣ። ስልክ ከጫማ ጋር በር ላይ ይቀራል፤ የኔም እዚያው ነው። ልትወስዷቸው ስትመጡ በሩን አንኳኩ፣ ደውለን ብትሉ የሚያነሳ የለም።